ለሰኒ፣ ክንዴ ላይ ስላበጠው ነገር

ሰኒዬ፣ እንደምን ከረምሽ?

መጥፋቴን አውቃለሁ፤ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ይቅርታ። ስድቡን በስልክ ታወርጂብኛለሽ፣ አሁን ሌላ ጉዳይ አለኝ።

ቲቢው እኔም ጋ ደረሰ። አትደንግጪ፣ አልታመምኩም። የተኛው ነው። ያንቺ ዓይነት።

ዘንድሮ የላቦራቶሪ ሠራተኛ በሙሉ ይመርመር ተባለና ክንዴ ላይ ፒፒዲ፣ ያንን የቲቢ መመርመሪያ መርፌ፣ ተወጋሁ። በማግስቱ ማታ ያሳክከኝ ጀመር። እማዬ "ትንኝ ነው?" ስትለኝ "አዎ" አልኳት። በሦስተኛው ቀን ነርሷ መቅላቱን ትታ ጠጠር ያለውን እብጠት ብቻ ለካች። 16 ሚሊ ሜትር። ለኛ ቢጤ ፖዘቲቭ ለመባል 10 ይበቃል። ከአፌ መጀመሪያ የወጣው ምን መሰለሽ? "ቢሲጂ ነው!" የልጅነቱ የቲቢ ክትባት ነው ያሳበጠኝ ማለቴ ነው።

ሳቂ፣ መብትሽ ነው። እዚያ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ሥራ ስትቀጠሪ የቲቢው የደም ምርመራ ፖዘቲቭ ቢልሽ "የደሙን ቢሲጂ አያሳስተውም፣ አርፈሽ ዋጪ" ብዬ ፕሮፌሰር የሆንኩብሽ እኔው ነኝ። መድኃኒቱን ጀምረሽ ሽንቴ ብርቱካናማ ሆነ ስትይኝ ደግሞ ሚሪንዳ አልኩሽ። አንቺ ፈርተሽ ነበር፣ እኔ ቀለድኩ።

ራጁ ንጹሕ ነው። ሳል የለኝ፣ ላብ የለኝ። የተኛው ለማንም እንደማይተላለፍ ለስንቱ ሰው አስረድቻለሁ። ትናንት ግን ልጄ ልትስመኝ ስትመጣ ፊቴን አዞርኩባት። ራሴን ታዘብኩት።

ሌሊት ሌሊት "መቼ ገባ?" እላለሁ። ምርመራው ቀኑን አይናገርም። ሰኒ... ያን ሐሙስ ታስታውሺዋለሽ? የአክታው ቱቦ ሴንትሪፊውጁ፣ ያ የሚያሽከረክረው ማሽን፣ ውስጥ የተሰበረ ቀን። ክዳኑን ሳይረጋ የከፈትኩት እኔ ነኝ። አንቺ "ተዪው፣ ይቆይ" ብለሽኝ ነበር። ውጤትሽን የነገርሽኝ ዕለት ቶሎ ትዝ ያለኝ እሱ ነው። እንዳታነሺብኝ ነው የቀለድኩት። ከዚያም ጠፋሁ። ከዚያ ላይሆን ይችላል፤ ስንት ዓመት አክታ ስናገላብጥ፣ በታክሲ ተጠጋግተን ስንሄድ ከየትም ይገባል። ግን ልንገርሽ ብዬ ነው።

አሁን ደግሞ ምክር ፈላጊ ሆኜልሻለሁ። መድኃኒቱ በሳምንት አንዴ ነው፣ ለ12 ሳምንት። እዚህ አንዳንዶቹ "ላልታመምኩት ምን አስዋጠኝ" ብለው ትተውታል። እኔ አልተውም፤ ነቅቶ ከመጣ ምን እንደሚያደርግ በማይክሮስኮፕ ሳየው ነው የኖርኩት። የቸገረኝ ሌላ ነው። የቲቢው መድኃኒት ክንዴ ላይ ያስቀበርኩትን የወሊድ መከላከያ ያዳክመዋል። ነርሷን እንዳልጠይቅ የክፍል ኃላፊያችን አጠገቧ ቆሟል፤ አፈርኩ። ሠላሳ አምስት ዓመት ሞልቶኝ አፈርኩ! እጠይቃታለሁ፣ ግን አንቺ ምን አድርገሽ ነበር? ያቅለሸልሽሽ ነበር? ከምግብ ጋር ነው የዋጥሽው?

ሰኞ ነው የምጀምረው። እሁድ ማታ ደውይልኝ። እማዬ አጠገቤ ካለች ስለ ትንኝ እናወራለን። ሚሪንዳ ማለት ተፈቅዶልሻል።

ያችው ጠፊ ጓደኛሽ