ካርቦኑ ወይስ ኢኖክሱ? ስለ ሁለቱ ቁጥር 8 ሰንጢዎች

ውድ ደንበኞቻችን፣

ኦፒኔል ቁጥር 8 ሰንጢ ስታዙን «ካርቦኑን ነው ወይስ ኢኖክሱን?» ብለን እንጠይቃለን። አብዛኞቻችሁ ደግሞ «ልዩነቱ ምንድን ነው?» ብላችሁ መልሳችሁ ትጠይቁናላችሁ። እስካሁን «ካርቦኑ ቶሎ ይሳላል» ከማለት አላለፍንም። ውሸት አልነበረም፣ ግን ጎዶሎ ነበር። በዚያ ምክራችን ካርቦኑን ከወሰዱት አንዳንዶቹ «ዛገብን» ብለው መልሰውልናል። ሳናስረዳ በመሸጣችን ጥፋቱ የእኛ ነው፤ ይህን ደብዳቤ የጻፍነውም ለዚህ ነው።

ሁለቱን ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ብታስቀምጧቸው መንታ ናቸው። የሁለቱም ብረት 8.5 ሳንቲ ሜትር ይረዝማል፣ እጀታቸው ቢች ከሚባለው እንጨት ነው፣ ክብደታቸውም 50 ግራም አይሞላም። ጆሴፍ ኦፒኔል እ.ኤ.አ. በ1890 በፈረንሳይ ሳቮዋ ካወጣው ቅርጽ ብዙም አልራቁም። ብረቱ ተመልሶ ጣት ላይ እንዳይታጠፍ የሚቆልፈው ቀለበት እንኳ ከ1955 ጀምሮ ያለ ነው። መለያቸው ብረቱ ላይ የተቀረጸው ጽሑፍ ነው፤ አንዱ «ካርቦን» ሌላው «ኢኖክስ» ይላል።

ኢኖክስ ማለት የማይዝግ ብረት ነው። በውስጡ ያለው ክሮሚየም ከአየር ጋር ሲገናኝ ዓይን የማያየው ስስ ሽፋን ይሠራል፤ ዝገትን የሚከላከለው ያ ሽፋን ነው። ካርቦኑ ግን ሊዝግ የሚችለው የካርቦን ብረት ነው፤ ይህ ከለላ የለውም። ሎሚ ቆርጣችሁ ሳትጠርጉት ጥቂት ደቂቃ ብትተዉት ብረቱ ግራጫ ይሆናል፣ አንዳንድ ቦታም ሰማያዊ ይመታል። ብዙ ሰው የሚደነግጠው እዚህ ላይ ነው። ይህ ግን ዝገት አይደለም። እንዲያውም እያደር ሲጠቁር ብረቱን በመጠኑ ይጠብቀዋል፤ ለእኛ ለአንዳንዶቻችን ውበቱም እሱ ነው። ዝገት ቀይ ነው፣ ሲነካም ይሻክራል። ከተጠራጠራችሁ ዘይት የነካ ነጭ ጨርቅ ወስዳችሁ እሹት፤ ጨርቁ ላይ የሸክላ ቀለም ከቀረ ዝጓል። ያኔም በዘይትና በደቃቅ የብረት ሱፍ ቢፈተግ ይለቃል። «ተበላሸ» ተብለው ከተመለሱልን ብዙዎቹ እንዲሁ የጠቆሩ ብቻ ነበሩ።

ስለ ስለታቸውም የተጋነነ ወሬ አለ። ኢኖክሱ ስለት አይይዝም የሚባለው ልክ አይደለም፤ በእኛ እጅ ከካርቦኑ ቀድሞ ሲዶለዱም አላየንም። ልዩነቱ የሚታወቀው ሲሳል ነው። ካርቦኑ ተራ ድንጋይ ላይ ጥቂት ጊዜ ከተመላለሰ ይበቃዋል፣ ድንጋዩን ሲነክስም በእጅ ይታወቃል። ኢኖክሱ ትንሽ ትዕግሥት ይጠይቃል። ሁለቱንም በየጎናቸው 20 ዲግሪ ያህል ይዛችሁ ሳሏቸው።

ስለዚህ ለመምረጥ ራሳችሁን አንድ ነገር ጠይቁ፦ ባለፈው ቢላ ስትጠቀሙ ጠርጋችሁ ነው ያስቀመጣችሁት? «አዎ» ካላችሁና ቤታችሁ የመሳያ ድንጋይ ካለ ካርቦኑን ውሰዱ፣ ትወዱታላችሁ። ላብ የሚነካው ኪስ ውስጥ የሚውል ከሆነ፣ ባሕር ዳር ከሆናችሁ፣ ወይም እንደ ብዙዎቻችን እርጥቡን አጥፋችሁ የምትረሱት ከሆነ ኢኖክሱ ይሻላችኋል።

አንድ ችግር ግን ሁለቱም ጋ አለ፣ ብረቱ የማይዝግ መሆኑም አያድናችሁም። እጀታው እንጨት ስለሆነ ውኃ ሲጠጣ ያብጥና ብረቱን ጨምድዶ ይይዘዋል። በጥፍር አትታገሉት። ቀለበቱን ወደ መክፈቻው አዙሩና የእጀታውን ጭራ ጠንካራ ነገር ላይ መታ አድርጉት፤ የብረቱ ጫፍ ብቅ ሲል በጥንቃቄ ጀርባውን ይዛችሁ ሳቡት። ዘዴው የሳቮዋ ሰዎች ነው። ከዚያ ጥላ ሥር ይድረቅ። ውኃ ውስጥ መዘፍዘፍና በዕቃ ማጠቢያ ማሽን ማጠብ ግን ለሁለቱም ክልክል ነው። አውሮፕላን ስትሳፈሩ ደግሞ ሰንጢው የሚሄደው በሚጫነው ሻንጣ እንጂ በእጅ ቦርሳ አይደለም፤ ፍተሻ ላይ ያስረከቡ ደንበኞች አሉንና ነው።

ከእንግዲህ ማዘዣችሁ ላይ «ካርቦን» ብላችሁ ካልጻፋችሁ የምንልከው ኢኖክሱን ነው። ካርቦኑን ሳናስረዳችሁ የወሰዳችሁና ያልተጠቀማችሁበት ካላችሁ መልሱልን፣ በኢኖክሱ እንቀይራለን። የጠቆረባችሁ ደግሞ ከመመለሳችሁ በፊት የጨርቁን ሙከራ አድርጉ። ቀይ ከሆነ ላኩልን፤ ፈትገን፣ ስለን፣ ዘይት ቀብተን ያለ ክፍያ እንመልስላችኋለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የሽያጭና የጥገና ባልደረቦች