ጫጩቶቹ 45 ቀን ሞላቸው፤ ምስጋናችን ይድረሳችሁ

ከዓረብ ሀገር የተመለሱ እህቶች፣ ልጅ ለብቻቸው የሚያሳድጉ እናቶችና አካል ጉዳተኛ ወጣቶች ደብረ ብርሃን ላይ በምንሰጠው ስልጠና ያሳደጓቸው የመጀመሪያው ዙር ጫጩቶች 45 ቀን ሞልቷቸው ተሸጠዋል። ጫጩት ማሳደግ መሬት ለሌለው ሰው የሚሆን ሥራ ነው፤ አንድ ክፍል ይበቃዋል፣ ገንዘቡም ቶሎ ይመለሳል። ነገር ግን ስልጠና ብቻውን ለማንም እንጀራ አይሆንም። መንገዱን የጠረጋችሁት እናንተ ናችሁና ያደረጋችሁትን አንድ በአንድ ጠቅሰን ልናመሰግናችሁ ወደድን።

ጫጩቶቹን ከቢሾፍቱ ላመጣልን ሹፌር እግዚአብሔር ይስጥልን። የአንድ ቀን ጫጩት ሆዷ ውስጥ በቀረው አስኳል እስከ 72 ሰዓት መቆየት ስለምትችል መንገድ ላይ የሚገድላት ረሃብ ሳይሆን መታፈንና ብርድ ነው። መቶ መቶ የያዙትን ካርቶኖች የአየር ቀዳዳቸው እንዳይደፈን አራርቆ ጭኖ፣ ነፋስ እንዳይመታቸውም ከልሎ አድርሶልናል።

የደብረ ብርሃን ብርድ ለጫጩት ክፉ ነው። ለዚህም ነው አናጢዎቹን በተለየ ሁኔታ የምናመሰግነው፤ የክፍሉን ጥጋጥግ በካርቶን ክብ አድርገው ዘግተውልናል። የበረዳቸው ጫጩቶች ጥግ ይዘው ይደራረባሉ፣ ከሥር የዋሉትም ታፍነው ያልቃሉ። በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሙቀት ያስፈልጋል፤ ከዚያ በየሳምንቱ 3 ዲግሪ ገደማ ይቀነሳል። መብራት በጠፋባቸው ሌሊቶች ከሰል አቀጣጥላችሁ የደረሳችሁልን ጎረቤቶች፣ ውለታችሁ አለብን። ፍም ሆኖ ጭሱ ቢጠፋም ከሰል የማይታይ መርዘኛ ጋዝ ስላለው መስኮቱን በትንሹ ከፍታችሁ መጠበቃችሁ ሰውንም ጫጩትንም አትርፏል።

የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚዎች ሥራ ከሁሉ ይበልጥብናል። መስማት የተሳነው ሰልጣኝ የአሰልጣኙን እጅና የአስተርጓሚውን እጅ በአንድ ጊዜ ማየት አይችልም፤ ስለዚህ መጀመሪያ ሥራው ይታያል፣ ከዚያ አሰልጣኙ እጁን ሲያቆም ይተረጎማል። ሙቀት ማነሱን በጫጩቶች ጩኸት የሚያውቁ ብዙዎች ናቸው። እነዚህ ሰልጣኞች ግን በዓይን ለዩት፦ አምፖሉ ሥር ከተጣበቁ በርዷቸዋል፣ ርቀው አፋቸውን ከፍተው ካለከለኩ ሞቋቸዋል፣ ተበታትነው ከበሉ ልክ ነው። ይህን ዘዴ አሁን ለሁሉም እያስተማርነው ነው። መመገቢያና ማጠጫውን በጠረጴዛ ቁመት ለሠሩልን ብረት በያጆችም ምስጋናችን ይድረስ፤ በተሽከርካሪ ወንበር የሚሠሩት ያለ ረዳት ይሞሉታል።

የእንስሳት ጤና ባለሙያዋ ፈንግል የተባለውን ገዳይ የዶሮ በሽታ የሚከላከለውን የመጀመሪያ ክትባት በዓይን ጠብታ ሰጥታ፣ ላሶታ የሚባለውን ቀጣዩን የፈንግል ክትባት በሚጠጣ ውሃ መስጠትን ለሰልጣኞቹ አስተምራለች። ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ቅዝቃዜ ውስጥ ይቀመጣል። ጫጩቶቹ ጠምቷቸው ቶሎ እንዲጠጡ ከክትባቱ በፊት ከ1 እስከ 2 ሰዓት ለሚሆን ጊዜ ውሃ ይከለከላሉ፤ የተበጠበጠውም በ2 ሰዓት ውስጥ ማለቅ አለበት። ክሎሪን ያለበት የቧንቧ ውሃ ክትባቱን ስለሚገድለው የጉድጓድ ወይም የምንጭ ውሃ ይመረጣል፤ በሊትር 2.5 ግራም ስብ የሌለው የዱቄት ወተት ማከልም ይጠብቀዋል። ክትባት ተሰጥቶ ጫጩት የሚያልቀው ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ በሚፈጠር ስህተት ነው።

የሕፃናት ማቆያ ክፍል ለፈቀዱልን የቀበሌው ሠራተኞች፤ ያለ እናንተ ግማሾቹ እናቶች ባልመጡ ነበር። አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ተንቀሳቃሽ ንብረት ለብድር ዋስትና እንዲሆን መፍቀዱን አውቀው ቤትና መሬት ሳይጠይቁ ላበደሩን የቁጠባ ማኅበር ኃላፊዎችም ክብር ይስጥልን።

ጫጩቶቹን የገዛችሁ አባቶችና እናቶች፣ አምናችሁ ስለወሰዳችሁ እናመሰግናለን። የክትባት ካርዱን አትጣሉት። ቢያንስ ለ2 ሳምንት ከነባሮቹ ዶሮዎች ጋር አትቀላቅሏቸው። የምታንቀላፋና አረንጓዴ የምትቀዝን ካያችሁ ለብቻ አድርጋችሁ በዚያው ቀን ለእንስሳት ጤና ባለሙያ ንገሩ።

የጫጩት አሳዳጊዎች ስልጠና አሰልጣኞች
ደብረ ብርሃን