ወረቀቱ ንጹህ ነበር፤ እናቴ ግን ደህና አልነበረችም

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

በአረጋውያን ላይ የሚታየውን ድባቴ በደም ምርመራ ስለ መለየት ያወጣችሁትን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ድባቴ በደም ይታወቃል የሚለው ተስፋ የእኔም ነው። ግን ሳልናገር ባልፍ የሚቆጨኝ ነገር አለ።

እናቴ 70 ዓመት ካለፋት በኋላ ተለወጠችብን። አንድም ቀን "ከፋኝ" አላለችም። ወገቤን አለች፣ ሆዴን አለች፣ እንቅልፍ እምቢ አለኝ አለች። ምግብ ቀነሰች። የሰው ስም ይጠፋባት ጀመር። ሐኪም ቤት ወሰድናት። ደም ተቀዳ፤ ስኳሩም፣ ኩላሊቱም፣ ጉበቱም ታየ። ሐኪሙ ወረቀቱን አገላብጠው "እማማ፣ ውጤትዎ ንጹህ ነው። ዕድሜ ነው" አሏት። እኛም እፎይ አልን። ከዚያ በኋላ ለ8 ወር ሕመሟን ባነሳች ቁጥር "ምንም የለብሽም ተብለሽ የለ እንዴ?" እያልን ዝም አሰኘናት። ይሄ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ሌላ ሐኪም ዘንድ ስንሄድ ግን ዶክተሯ ወንበራቸውን አስጠግተው 15 ጥያቄ ጠየቋት። መልሱ አዎ ወይም አይ ነው። በኑሮዎ ደስተኛ ነዎት? ይወዱት የነበረውን ነገር ትተዋል? ለአረጋውያን ተብሎ የተዘጋጀ መጠይቅ ነው፤ ደቂቃዎች ቢፈጅ ነው። አራተኛው ጥያቄ ላይ እናቴ አለቀሰች። ድባቴ መሆኑ የታወቀው በዚያ ቀን ነው።

ታዲያ ደም ምን ይነግረናል? ተመራማሪዎች ከሚከታተሏቸው አንዱ ሲአርፒ ነው፤ ጉበት የሚያመርተው፣ ሰውነት ውስጥ ብግነት (ኢንፍላሜሽን) ሲኖር የሚጨምር ፕሮቲን። የነርቭ ሴሎችን የሚደግፍ ቢዲኤንኤፍ የተባለ ፕሮቲንም አለ። ድባቴ ባለባቸው ሰዎች ሲአርፒ በአማካይ ከፍ፣ ቢዲኤንኤፍ ደግሞ በአማካይ ዝቅ ብሎ ይገኛል። "በአማካይ" የምትለዋን ቃል አደራ። ሲአርፒ በመገጣጠሚያ ሕመምም፣ በኢንፌክሽንም፣ በውፍረትም ይጨምራል። በዚያ ዕድሜ ከእነዚህ አንዱም የማይነካካው ሰው ስንት ነው?

ተስፋው አዲስም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1981 በርናርድ ካሮል የተባሉ የሥነ አእምሮ ሐኪም ከባልደረቦቻቸው ጋር አንድ ምርመራ አቅርበው ብዙ ተወርቶለት ነበር። ማታ ዴክሳሜታዞን የተባለ መድኃኒት ይዋጣል፤ በማግስቱ ደም ውስጥ ያለው ኮርቲሶል የተባለ የጭንቀት ሆርሞን ይለካል። በጤነኛ ሰው ይወርዳል። ከባድ ድባቴ ካለባቸው በብዙዎቹ ግን አይወርድም። ችግሩ በኋላ መጣ፤ ክብደት በቀነሱ ሰዎችም፣ የመርሳት በሽታ ባለባቸውም አልወርድ አለ። ምግብ ቀንሳ፣ ስም እየጠፋባት ሳለ እናቴ ይህን ብትመረመር ኖሮ ውጤቱ ምን ተብሎ ይተረጎም ነበር?

ደም አይመርመር እያልኩ አይደለም፤ እንዲያውም መመርመር አለበት። የታይሮይድ ሆርሞን ማነስ፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ ደም ማነስ ድባቴን ሊመስሉ ወይም ሊያባብሱ ይችላሉ፤ ሦስቱም በደም ይታወቃሉ፣ ይታከማሉም። አንዳንድ የድባቴ መድኃኒቶች አረጋውያን ላይ ሶዲየም ስለሚያወርዱ መድኃኒት ከተጀመረ በኋላም ደም ማየት ያስፈልጋል። ዶክተሯም ይህን ሁሉ አዘዋል። ግን መጀመሪያ ጠየቋት።

ለሚቀጥለው ጽሑፋችሁ አንድ ነገር ልለምናችሁ። አዲስ ምርመራ "ድባቴን ለየ" ሲባል ከማን እንደለየው ጠይቁልን። ከጤነኞች ከሆነ ያን ያህል አያስደንቅም። ሐኪም ፊት የሚቀርቡት መገጣጠሚያቸው የሚያማቸው፣ ታይሮይዳቸው የቀነሰ፣ መርሳት የጀመራቸው አረጋውያን ናቸው። ከእነሱ መለየት የሚችል ምርመራ የተገኘ ቀን እናቴን ይዤ መጀመሪያ የምሰለፈው እኔ ነኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ