ስለ ቅዳሜው የጥርስ ምርመራ፣ ስለ ዶክተር ጂን ሲንክፎርድም

ውድ ወላጆች፣ እንዴት ሰነበታችሁ

የዛሬው ደብዳቤ ትንሽ ይረዝማል፣ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት። ባለፈው ቅዳሜ ሶስተኛ ክፍሎች "ሳድግ ምን እሆናለሁ" ብለው በአማርኛ ሲጽፉ አንዷ "የጥርስ ሀኪም" ብላ ጻፈች፣ "ጥ"ን እንኳ አልሳተችም። ሊወስዳት የመጣው አባቷ አነበበና ሳቀ፣ "ዋናውን ዶክተር ሁኚ እንጂ ምን ጥርስ ነቃይ ትሆኛለሽ" አላት። ክፋት የለውም፣ እኔም በሱ ቦታ ብሆን እንደዛ ልል እችል ነበር (ይሄን ልጻፈው ወይ ብዬ ጠይቄው ስቆ ፈቅዶልኛል)፣ ግን ልጅቷ ወረቀቱን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ስትከተው አየኋት፣ ሳምንቱን ሙሉ ከሆዴ አልወጣም።

እና ስለ ጥርስ ሀኪሟ ስለ ዶክተር ጂን ሲንክፎርድ ልንገራችሁ። ሩቅ አይደሉም፣ የዚሁ የዋሺንግተን ዲሲ ልጅ ናቸው፣ በ1933 የተወለዱ። የተማሩት ደንባር ሃይስኩል ነው፣ ያኔ ከተማው ውስጥ ጥቁርና ነጭ አንድ ላይ አይማርም። ትንሽ ሆነው ህልማቸው ዳንስ ነበር። በ16 አመታቸው ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ገቡ፣ ያው ጆርጂያ አቬኑ ላይ ታክሲና ኡበር የምትሰሩት በየቀኑ በሩ ላይ የምታልፉት፣ የኛው ዶክተር መላኩ በያንም በ1935 በህክምና የተመረቁበት። ሳይኮሎጂና ኬሚስትሪ ተምረው ጨረሱ፣ ጥርስ ህክምና ሞክሪ ብሎ የገፋፋቸው ደግሞ የቤተሰባቸው ጥርስ ሀኪም ነው። አስቡት፣ አንድ ሰው "ሞክሪ" አለ፣ በቃ።

በ1958 ከሃዋርድ የጥርስ ህክምና ትምህርት ቤት ከክፍላቸው አንደኛ ወጥተው ተመረቁ። በዛን ጊዜ አሜሪካ ውስጥ ከመቶ የጥርስ ህክምና ተማሪ ሴት አንድ ብትገኝ ነው። ከዛ እዛው ክራውንና ብሪጅ (የተጎዳ ጥርስ ላይ የሚደረግ ሽፋንና የጎደለ ጥርስ መተኪያ) ማስተማር ጀመሩ። ይሄን ነገር ስንቶቻችን አፋችን ውስጥ ይዘነው እንዞራለን ግን አሰራሩን አናውቅም፣ ጥርሱ ዙሪያውን ይሞረዳል፣ ልኩ ይወሰዳል፣ በሰም ተቀርጾ በብረት ይወጣል፣ ጠርዙ ላይ ክፍተት ከቀረ ደግሞ ምግብ እየገባ ጥርሱ ከስር ይበሰብሳል። እና ይሄ መንቀል ነው ወይስ እንዳይነቀል ማድረግ?

ቀጥለው ቺካጎ ሄደው ከኖርዝዌስተርን በ1963 በፊዚዮሎጂ ፒኤችዲ ያዙ (የዛ ዩኒቨርሲቲ የጥርስ ትምህርት ቤት በ2001 ተዘግቷል፣ በ1881 የተጀመረው የሃዋርዱ ግን ዛሬም አለ)። ተመልሰው ዲፓርትመንት መሩ፣ በ1967 ምክትል ዲን ሆኑ፣ በመሃል ደግሞ ያን ሁሉ ማዕረግ ይዘው እንደገና ተማሪ ሆነው የህጻናት ጥርስ ህክምና ሰለጠኑ፣ እኔን የገረመኝ ይሄ ነው። ባለቤታቸው የልጆች ልብ ሀኪም ነበሩ፣ ሶስት ልጆችም አሳድገዋል። በ1975 ዲን ሲሆኑ በአሜሪካ የጥርስ ህክምና ትምህርት ቤት የመጀመሪያዋ ሴት ዲን ናቸው፣ ከጥቁር ሴት ሳይሆን ከሴት ሁሉ። 16 አመት መርተው በ1991 ለቀቁና የጥርስ ህክምና ትምህርት ቤቶች ማህበር ውስጥ የሴቶችንና የማይኖሪቲ ተማሪዎችን ጉዳይ ያዙ። ዛሬ በአሜሪካ ከጥርስ ህክምና ተማሪ ከግማሽ በላይ ሴት ነው።

ወደ ቅዳሜው ምርመራ ልመለስ። ሁለት የጥርስ ህክምና ተማሪዎች በነጻ መጥተው የልጆቹን ጥርስ ያያሉ፣ አይነቅሉም አይሞሉም፣ ማየት ብቻ ነው፣ የፈቃድ ፎርሙን ፈርማችሁ ላኩ። "የወተት ጥርስ ነው፣ ይወድቃል" የምትሉ አላችሁ፣ የኋላዎቹ እኮ እስከ 10 እና 12 አመት ይቆያሉ፣ አንዱ ልጅ ባለፈው ወር ጉንጩን ይዞ ሀሁ ሲል ስራችንን አቁመን እሱን ነው ያየነው። ከሶስት እስከ ስድስት አመት ላለ ልጅ ሳሙናው የአተር ፍሬ ታክል፣ ከሶስት በታች የሩዝ ፍሬ ታክል ይበቃል፣ ብሩሹን ሞልታችሁ አትስጡ። ጁስም በምሳ እቃ አትላኩ፣ ውሃ እዚህ አለ።

የልጅቷን ወረቀት ግድግዳው ላይ ከሌሎቹ ጋር ልንለጥፈው ስለሆነ አባቷ ቦርሳዋን ፈትሽልን፣ ታጥፏል እንጂ አልተቀደደም።

የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር