የብስክሌት መንገድ ያለ ፖምፓ አይሞላም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ሐዋሳ ውስጥ የብስክሌት መንገድ ነገር ሲነሳ ወሬው ሁሉ ስለ ስፋቱና ስለ ቀለሙ ይሆናል። መንገዱ ይሠራ፤ እኛም አጥብቀን የምንፈልገው ነው። ነገር ግን ሰው ብስክሌቱን ግድግዳ አስደግፎ የሚተወው መንገድ አጥቶ ብቻ ሳይሆን፣ ጎማው መሐል መንገድ ላይ ሲተነፍስ መድረሻ ስለሚያጣም ነው።

ታይዋን ይህን መልሳዋለች። ደሴቲቱን የሚዞረው ቁጥር 1 የብስክሌት መስመር እ.ኤ.አ. በ2015 የተጠናቀቀ ሲሆን ርዝመቱ ከ900 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። በመስመሩ ላይ ያሉ ብዙ ፖሊስ ጣቢያዎች ለብስክሌተኛ ፖምፓ፣ መፍቻና የመጠጥ ውሃ ያቀርባሉ። ለዚህ ተብሎ ሕንፃ መገንባት አላስፈለገም። ምሳውም መንገዱ ላይ አለ፤ በሩዟ የታወቀችው የቺሻንግ ከተማ ሩዙን ከሥጋና ከእንቁላል ጋር በሣጥን አድርጋ ለባቡር ተሳፋሪውም ለብስክሌተኛውም ትሸጣለች።

አብዛኛው ተጓዥ ደሴቲቱን ከሰዓት አዟዟር በተቃራኒ ይዞራል፤ ቀኝ ጠርዝ ይዞ ስለሚነዳ በባሕር ዳር ሲያልፍ ባሕሩ በቀኙ ይሆናል። የእኛ ሐዋሳ ሐይቅ ላይ ግን ውሃው መሐል ስለሆነ አቅጣጫው ይገለበጣል። ውሃውን በቀኝ ለመያዝ በሐይቁ ዳር ፍቅር ሐይቅ ከሚባለው ቦታ ተነስቶ ወደ አሞራ ገደል መንዳት ይሻላል፤ ምልክቶቹም በዚሁ አቅጣጫ ቢተከሉ መልካም ነው።

የእኛ ዋና ጠላት የግራር እሾህ ነው። ጎማው ውስጥ ተሰብሮ ስለሚቀር የተለጠፈው የውስጥ ጎማ ሳይውል ሳያድር ይበሳል። ስለዚህ ከመግጠም በፊት የውጭውን ጎማ ከውስጥ በኩል ዙሪያውን በጨርቅ መዳበስ ያስፈልጋል፤ ጨርቁ የተያዘበት ቦታ እሾሁ አለ። ማስቲሹ ጣት ላይ መጣበቁን እስኪተው ካልደረቀ መለጠፊያው ይነሳል፤ ብዙ ጥገና የሚበላሸው በዚህ ችኮላ ነው። ለወፍራም ጎማ የከተማ ብስክሌት አብዛኛውን ጊዜ ከ40 እስከ 50 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ) ይበቃል፤ ትክክለኛው ልክ ጎማው ጎን ላይ ተጽፏል። የመኪና ጎሚስታ ኮምፕረሰር ንፋሱን ባንዴ ስለሚለቅ የውስጥ ጎማ ሊያፈነዳ ይችላል፤ ቀጭን ቫልቭ ላይ ደግሞ ቱቦው ጭራሽ አይገጥምም።

ምግቡስ ከማን ያንሳል! ጠዋት አሞራ ገደል ትኩስ የዓሣ ሾርባ ጠጥቶ መንዳት ይቻላል። የሲዳማው ምግብ ቡርሳሜ ግን ከጉዞ በኋላ ይሁን፤ ቆጮው በቅቤ የራሰ ስለሆነ ተበልቶ ፔዳል አይረገጥም። በሻፌታ፣ ማለትም በሸክላ ዕቃ ቀርቦ፣ ከበው ሲበሉት ነው ወጉ።

ስለዚህ የከተማው አስተዳደር ፍቅር ሐይቅ መግቢያ፣ አሞራ ገደልና የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፊቼ ጫምባላላ በሚከበርበት ጉዱማሌ ባለ መለኪያ የእግር ፖምፓ በሰንሰለት አስሮ እንዲያስቀምጥ እንጠይቃለን። ጭንቅላቱ ለወፍራሙም ለቀጭኑም ቫልቭ የሚሆን ይሁን። አጠገቡ ላለ የጥበቃ ሠራተኛ ወይም ምግብ ቤት በፊርማ ይሰጥ፤ ባለቤት የሌለው ፖምፓ ጎሚኒው ሲያልቅ የሚቀይርለት አያገኝም።

ብስክሌተኞችና የብስክሌት ጠጋኞች
ከሐዋሳ