ለወንዝ የታሰረ ዝንብ ለረጋ ውኃ አይሆንም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ስለ ትራውት አሳ ማጥመድ ያወጣችሁት ጽሑፍ ደግ ሥራ ነው፤ በአማርኛ ስለዚህ ነገር የሚጽፍ ብዙ የለም። አንድ ቦታ ግን አንባቢን ያሳስታል። በወንዝ የሚሠራው ተንሳፋፊ ሰው ሠራሽ ዝንብ (ነፍሳት እንዲመስል ላባና ፀጉር የታሰረበት መንጠቆ) በሐይቅና በግድብም ያው ነው ይላል። ያው አይደለም።

አስቀድሞ ግን ገፈርሳና ለገዳዲ ዘንግ ይዞ ለመውጣት ያሰበ ካለ ይተወው። ትራውት ከኬንያ መጥቶ በባሌ ተራሮች ወደ ወይብ፣ ሻያና ዳንካ ወንዞች የገባ የቀዝቃዛ ውኃ አሳ ነው። እነዚህ የእኛ ዙሪያ ግድቦች ደግሞ የአዲስ አበባ የመጠጥ ውኃ ናቸው። እዚህ ዳር ከተማ ማድረግ የሚቻለው ዝንቡን ቤት ማሰር፣ ውርወራውን ሜዳ ላይ መለማመድ ነው፤ በመንጠቆ ፈንታ ቁራጭ የበግ ፀጉር ክሩ ጫፍ ላይ አስሮ። የሚታሰረው ዝንብ የባሌ ወንዞች ረግተው ለሚተኙባቸው ኩሬዎች ወይም በኬንያ ተራራ ላይ እንደ ሩቱንዱ ላሉ ሐይቆች ይሆናል።

ልዩነቱ የሚመጣው ከውኃው ነው። ወንዝ ምግቡን ለአሳው ያመጣለታል፤ አሳው ቶሎ ካልወሰነ ያመልጠዋል። በረጋ ውኃ ግን የሚዞረው አሳው ራሱ ነው፤ ከሥር ቀርቦ እስኪበቃው ያያል። የሚያየውም ግማሽ አካሉ ውኃው ቆዳ ውስጥ የተያዘ ነፍሳት ነው። ዙሪያውን ላባ የተጠመጠመበት የወንዝ ዝንብ በጣቶቹ ጫፍ እንደቆመ ነገር ከውኃው በላይ ይቀራል፤ አሳው ይጠጋል፣ ያያል፣ ይመለሳል።

አሠራሩ ይህ ነው። ቁጥር 14 መንጠቆ (ቁጥሩ ሲጨምር መንጠቆው እንደሚያንስ ልብ ይሏል) በሞርሳ ይያዝ። ቀጭን ክር ከመንጠቆው ቀለበት 2 ሚሊ ሜትር ያህል ተትቶ እስከ መታጠፊያው ይጠምጠም። ይህን 2 ሚሊ ሜትር የማይተው ሰው መጨረሻ ላይ ቋጠሮ ማሰሪያ ያጣል፤ የጀማሪ ዝንብ ቀለበቱ የሚደፈነው በዚህ ነው። ለሰውነቱ ያልታጠበ የበግ ፀጉር ይሻላል፣ የራሱ ቅባት ውኃ ይገፋለታልና። በጣት ተፈትሎ እንደ ስፌት ክር ይቅጠን። ከወፈረ ውኃ ይጠጣል። ከመንጠቆው ግንድ ሁለት ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ይብቃ።

ቀጥሎ ነጭ ፀጉር ቀጥ ብሎ እንደ ምሰሶ ይታሰር፣ ሥሩም አምስት ስድስት ዙር ክር ይጠምጠምበት። ላባው የሚጠመጠመው በዚህ ምሰሶ ላይ ነው እንጂ በመንጠቆው ግንድ ላይ አይደለም። ሦስት ወይም አራት ዙር፣ እያንዳንዱ ዙር ካለፈው በታች። እንዲህ ከሆነ ላባው እንደ ጃንጥላ ተዘርግቶ ይተኛል፣ ሰውነቱ ውኃውን ይነካል፣ ነጩ ምሰሶም ለአጥማጁ ይታየዋል። ከላባው ግንድ የሚወጡት ቀጫጭን ፀጉሮች ርዝመት ከመንጠቆው አፍ ስፋት (ከጫፉ እስከ ግንዱ) አንድ ተኩል እጥፍ ያህል ይሁን። መጨረሻው ከላባው በታች ይቋጠር፤ በመርፌ ጫፍ ጥቂት ሱፐር ግሉ ይበቃዋል።

ላባ ከውጭ ማስመጣት ግድ አይደለም። የገብስማ አውራ ዶሮ አንገት ነጭና ጥቁሩ ተፈራርቆ ሲዞር የሚንቀሳቀስ ይመስላል፤ ለዓውደ ዓመት ታርዶ የሚጣለው ላባ ብዙ ዝንብ ያሳስራል። ዶሮው ፈላ ውኃ ውስጥ ሳይነከር አንገቱ ይገፈፍ፤ የተቀቀለ ላባ ይሰባበራል። በሳሙና ታጥቦ ከደረቀ በኋላ ብል እንዳይበላው በላስቲክ ታሽጎ በረዶ በሚሠራው ማቀዝቀዣ (ፍሪዘር) ውስጥ ጥቂት ቀን ይቆይ።

የወንዝ ዝንብ ያለው ሰውም አይጣለው። ከሥር የወጣውን ላባ ከሰውነቱ እኩል በመቀስ መቁረጥ ነው። ከዚያ በብርጭቆ ውኃ ላይ ጥሎ ከታች አሻቅቦ ማየት፤ ሰውነቱ ውኃው ላይ ካልተኛ መቀሱ ገና ነው።

ከዝንቡ ይልቅ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ዝንቡ ጫፉ ላይ በሚታሰርበት የናይለን ክር ነው። ዝንቡ በጣም ስስ ቅባት ይቀባል፣ የናይለኑ መጨረሻ 60 ሳንቲ ሜትር ግን ቅባት መንካት የለበትም። የሚንሳፈፍ ናይለን ውኃው ላይ ጎድጓዳ መስመር ይሠራል፤ ከሥር ላለ አሳ ያ መስመር ከዝንቡ በፊት ይታየዋል። የደቀቀ ሸክላ አፈር በፈሳሽ ሳሙና ተለውሶ ክሩ በጣት ቢታሽበት ይሰምጣል። ጠቅላላ ርዝመቱ አራት ሜትር ያህል፣ ጫፉ 0.15 ሚሊ ሜትር ይሁን።

ሲወረወርም አሳው ብቅ ብሎ ውኃው ላይ በተወው ክብ ላይ አይደለም፤ እሱ አልፏል። የሁለት ክብ አቅጣጫ ታይቶ አንድ ሁለት ሜትር ቀደም ብሎ ይጣል፤ ከዚያ እጅ ይረፍ። ነፋስ ክሩን ጎትቶ ዝንቡን ካስኬደው ተነሥቶ እንደገና ይወርወር። አሳው ሲወስድ ወዲያው የሚጎትት ከአፉ ይነጥቀዋል፤ ጭንቅላቱን አዙሮ ሲወርድ ነው ዘንጉ የሚነሣው።

ከጽሑፉ ጋር ያተማችሁት ሥዕልም ላባውን ዙሪያውን ሙሉ አድርጎ ያሳያል። በሚቀጥለው እትም የታችኛው ግማሽ ተቆርጦ ቢወጣ አንባቢ ይጠቀማል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢያችሁ፣ ከቡራዩ