ዓሣው ወጥቶ ነበር

ውድ ጓደኛዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጠፋሽ ብዬ ልወቅስሽ ተነሳሁና እኔም መጥፋቴ ትዝ ሲለኝ ተውኩት። ማን ቀድሞ ዝም እንዳለ አንቆጥር። እናትሽ ደህና ናቸው? ትንሹ ወንድምሽ ትምህርቱን ጨረሰ? የሌሊት ተራውንስ ተገላገልሽው? ሁሉንም ዘርዝረሽ ጻፊልኝ። "ሰላም ነን" ብለሽ እንዳታልፊኝ።

ባለፈው የላክሽልኝን የድምፅ መልእክት አልረሳሁትም። "አሁንም እዚያ ባሕሩ ዳር ዘንግ ይዘሽ ተገትረሽ ነው የምታመሺው? አቤት ሥራ መፍታት!" ብለሽ ስትስቂ ይሰማኛል። ያኔ ያልመለስኩልሽ ተቀይሜ አይደለም። መልሱ ረጅም ስለሆነ ነው። ሰሞኑን ደግሞ የዓሣ አጥማጆች ክለባችን የብርድ ወራት ውድድር ነበርና ነገሩ እስካሁን ከጭንቅላቴ አልወጣም። ስለዚህ አረፍ በይና ስሚኝ።

ዓሣ ማጥመድ ሲባል አንቺ የሚታይሽ ታጣፊ ወንበር፣ ጸጥ ያለ ሐይቅና ግማሽ እንቅልፍ የወሰደው ሰው ነው። እንደዚያ የሚያጠምድም ሞልቷል፤ ይመቸው። እኔ ግን በዚያ ምሽት ፊሽካ ከተነፋበት እስከተዘጋበት አንዴም አልተቀመጥኩም።

ቦታው ቼዝል ነው፤ ዶርሴት ውስጥ፣ በእንግሊዝ ደቡብ ጠረፍ። 29 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም የጠጠር ክምር ነው። የሚገርምሽ ጠጠሩ በመጠን ተደርድሯል። በምዕራቡ ጫፍ አተር የሚያክል ሲሆን በምሥራቁ ጫፍ ወዳለችው ፖርትላንድ በተጠጋሽ ቁጥር እያደገ ሄዶ እጅ ይሞላል። የድሮ ጀልበኞች በጨለማ ዳር ሲደርሱ ጠጠሩን ዳብሰው የት እንዳረፉ ያውቁ ነበር ይባላል። እኔ በቀን ብርሃንም ይጠፋብኛል።

ውብ ነው፤ ግን አይታመንም። ዳገቱ ቀጥ ያለ ስለሆነ ሞገዱ ሲመለስ ጠጠሩን ከነእግርሽ ይዞ ይሄዳል። በፈረንጆቹ 1824 ኅዳር ላይ የተነሳ ማዕበል ይህን ሁሉ ክምር ዘሎ ከኋላ ያለችውን የፍሊት መንደር ቤተ ክርስቲያን አፍርሷል። ስለዚህ የክለባችን የመጀመሪያ ሕግ ስለ ዓሣ አይደለም። ጀርባሽን ለባሕሩ አትስጪ ነው የሚለው። ዓሣ ለማውጣት ብሎ ውኃ ውስጥ የገባ ሰው ደግሞ በዚያው ከውድድር ይወጣል። ዓሣው ሞገድ ላይ ተቀምጦ እስኪመጣ ትጠብቂያለሽ፣ ሞገዱ ሲገፋው ክሩን ወጥረሽ ወደ ኋላ ትራመጃለሽ። ጠጠሩ ላይ ይቀርልሻል።

እንዲህ ያሉ ክለቦች እዚህ አገር ዕድሜ ጠገብ ናቸው። የባሕር አጥማጆቹ ብሔራዊ ፌዴሬሽን የተመሠረተው በፈረንጆቹ 1904 ነው፤ በ2009 ከሌሎች ማኅበራት ጋር ተዋሕዶ አንግሊንግ ትረስት ሆነ። ከባሕር በዘንግ ለማጥመድ የመንግሥት ፈቃድ አይጠየቅም። ማንም ዘንጉን ይዞ መምጣት ይችላል። እና ክለብ ለምን አስፈለገ ትዪኛለሽ። ሰው የሚፎካከረው ሰው ይፈልጋላ!

ነገሩ በዕጣ ይጀመራል። ዳርቻው ላይ ቁጥር ያላቸው ችካሎች ተተክለዋል፤ ያወጣሽው ቁጥር የምሽቱ ቦታሽ ነው። ዕጣው ላይ የሰዉን ፊት ብታዪ! ጫፍ የደረሰው ፈገግ ይላል፤ በአንድ ጎኑ ተፎካካሪ የለማ። እኔ መሐል ወጣልኝ። በግራዬ ዝምተኛ ጎልማሳ፣ በቀኜ ከክለቡ አንጋፋዎች አንዱ የሆኑ ሽማግሌ።

ሕጉ ይህ ነው። አንድ ዘንግ፣ ቢበዛ ሦስት መንጠቆ። ዓሣ አይገደልም፤ ይለካና ወደ ውኃው ይመለሳል። አንድ ሴንቲሜትር አንድ ነጥብ ነው። የሚለካልሽና ካርድሽ ላይ የሚፈርምልሽ ደግሞ ጎረቤትሽ ነው። አዎ፣ ሊያሸንፍሽ የመጣው ሰው። አንቺም የእሱን ትለኪያለሽ። መጀመሪያ ስሰማው እንዴት ሆኖ አልኩ። ዳኛው አንድ፣ ዳርቻው ረጅም፣ ሌሊቱ ጨለማ ከሆነ ግን ሌላ መንገድ የለም።

ሰዓቱን የሚወስነው ባሕሩ ነው፤ ወደ ዳር ይሞላል፣ መልሶ ያፈገፍጋል። በሁለት ሙላት መካከል 12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ገደማ አለ፤ እኛም ሙላቱን መሐል አድርገን ሁለት ሰዓት በፊት ጀምረን ሁለት ሰዓት በኋላ እንጨርሳለን። ጨረቃ ሙሉ ስትሆን ወይም አዲስ ስትወጣ፣ ከዚያ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ፣ ሙላቱ ይበረታል፤ የውኃው ወራጅም እንደዚያው። የዚያን ቀን ብርቱ ነበር። በዚህ ወቅት ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ በእኛ አቆጣጠር ፀሐይ ትጠልቃለች፤ ስለዚህ ዋናው ሥራ በግንባር መብራት ነው።

ማጥመጃው ትል ነው። ፊትሽን አታጨፍግጊ! ባሕሩ ሲያፈገፍግ በአካፋ የሚቆፈር፣ በአሸዋ ውስጥ ጉድጓድ ሠርቶ የሚኖር ጥቁር ትል። መንጠቆው ላይ ይሰካና እንደ ፀጉር በቀጠነ ላስቲክ ክር ይታሰራል፤ አለበለዚያ ስትወረውሪ ይበተናል። ይህን በደነዘዘ ጣት፣ በጨለማ፣ በነፋስ ሞክሪውና ከዚያ ሥራ ፈት በዪኝ። ጓንት አይሆንም፤ ላስቲኩ አይያዝልሽም።

ዘንጉ ከቁመቴ ሁለት እጥፍ በላይ ነው፤ አራት ሜትር ያልፋል። ጫፉ ላይ 150 ግራም የሚጠጋ እርሳስ አለ፤ አሸዋውን ቆንጥጠው የሚይዙ አራት የሽቦ እግሮች ወጥተውለታል፣ ወራጁ እንዳይጎትተው። ዋናው ክር ቀጭን ስለሆነ የውርወራውን ጉልበት አይችልም። ስለዚህ መጨረሻው ላይ ወፍራም መሪ ክር ይቀጠላል። ልኩ ለአንድ አውንስ (28 ግራም ያህል) እርሳስ 10 ፓውንድ (4.5 ኪሎ ያህል) የሚችል ክር ነው፤ ለ5 አውንስ 50 ፓውንድ፣ ማለትም 23 ኪሎ ገደማ የሚችል። በዚህ ማንም አይቀልድም። ክር በውርወራ መሐል ቢበጠስ እርሳሱ እንደ ጥይት ነው የሚሄደው፤ አቅጣጫውንም አይመርጥም። ዳኛው ከመጀመራችን በፊት የሁሉንም መሪ ክር ዞሮ አየ።

ፊሽካ ተነፋ። ሁሉም ወረወረ። የግራው ጎልማሳ አወራወር ሲያዩት ያስቀናል። ወገቡን አዙሮ ሲለቀው እርሳሱ ጨለማው ውስጥ ገብቶ የሚያርፍበት ድምፅ እንኳ አይሰማም። መቶ ሜትር አልፎ እንደሆነ እገምታለሁ። እኔም እሱን እያየሁ በሙሉ ጉልበቴ ወረወርኩ። ሽማግሌው ግን ከፊታቸው ጣል አደረጉት። አርባ ሜትር ቢሆን ነው። አይ፣ ደክሟቸዋል አልኩ በሆዴ።

ብርሃኑ እስኪጠፋ እውነትም ሩቅ የወረወረ ያዘ። ሲጨልም ነገሩ ተገለበጠ። በዚህ ወቅት የሚመጣው ዋይቲንግ የሚባል ዓሣ ነው፤ ኮድ የሚባለው ዓሣ ዘመድ፣ ቀጭን፣ ብርማ፣ ጥርሱ የሚያስመርር። በመንጋ ነው የሚሄደው፤ ጨለማ ሲሆን ዳገቱ ሥር ድረስ ይጠጋል። ሽማግሌው ይህን ያውቃሉ። ሦስት መንጠቆ የተንጠለጠለበት ማሰሪያ ሩቅ አይበርም፤ እሳቸው ሩቅ አልፈለጉም። ጎልማሳው መቶ ሜትር ክር እያጠነጠነ ሳለ እሳቸው አውጥተው፣ ነቅለው፣ ቀድመው ትል ያሰሩበትን ሌላ ማሰሪያ ቀይረው መልሰው ወርውረዋል። የዘንጋቸው ጫፍ ላይ ያለችው ትንሽ መብራት እረፍት አልነበራትም። ሁለት ሁለት፣ አንዳንዴ ሦስት እያወጡ "ለኪ!" ይሉኛል። እጄን በባሕር ውኃ አርሼ፣ ሰሌዳው ላይ አጋድሜ፣ አንብቤ፣ ፈርሜ ወደ ዘንጌ እሮጣለሁ። ደረቅ እጅ የዓሣውን ሙልጭልጭ ሽፋን ይልጥበታል፤ በሕይወት ሊመለስ ከሆነ እጅን ማራስ ግድ ነው።

እኔም ነቅቼ አጭር መወርወር ጀመርኩ። ያዝኩም፤ አንዱ 34 ሴንቲሜትር ነበር። ለማወቅ ያህል፣ ወደ ቤት የሚወስድ ሰው ከ27 በታች ዋይቲንግ፣ ከ35 በታች ኮድ፣ ከ42 በታች ባስ የሚባለውን ዓሣ መያዝ አይፈቀድለትም። ኮድ እንኳ ማንም አልያዘም። የድሮ አባላት የብርድ ወራቱ ንጉሥ እሱ ነበር ይላሉ። ባሕሩ እየሞቀ፣ የመርከቡም መረብ እየበዛ ሄዶ ዛሬ አንድ ኮድ የያዘ ሰው ሳምንት ይወራለታል።

አሁን ወደ ነገሩ ልምጣ፤ ይህን ሁሉ የጻፍኩልሽ ለዚህ ነው።

መጨረሻ ላይ ዋይቲንጉ ቀዝቀዝ አለ። ጎልማሳው ብልጥ ነው፤ መንጠቆውን ወደ አንድ ቀንሶ፣ የዓሣ ቁራጭ ሰክቶ ዶግፊሽ መጠበቅ ጀመረ። ነጠብጣብ ያለባት ትንሽ ሻርክ ናት። ቆዳዋ ብርጭቆ ወረቀት ነው፤ ጭራዋን ከራሷ ጋር አንድ ላይ ካልያዝሻት ክንድሽ ላይ ተጠምጥማ ትልጥሻለች። ግን ረጅም ናት። አንዷ ሁለት ዋይቲንግ ታክላለች። እኔ በሰዓቱ ሦስተኛ ነበርኩ፤ ካርዶቹን ሁሉ አላየሁም እንጂ ሒሳቡ ይታወቀኛል። እሱ ከኋላዬ ነበር።

ሊያልቅ ሲል ዘንጉ ጎበጠ። ቀስ እያለ አመጣት። ሕጋችን ግልጽ ነው፤ ፊሽካው ሲነፋ ዓሣው ሙሉ በሙሉ ከውኃ የወጣ መሆን አለበት። ሞገድ አነሳትና ጠጠሩ ላይ ጣላት። ፊሽካው ተነፋ። ወዲያው ሌላ ሞገድ መጥቶ ሸፈናት። ከወዲያ ማዶ ያለው ሰውዬ "ውኃ ውስጥ ናት! አትቆጠርም!" ብሎ ጮኸ። ዳኛው መጣ። ጎልማሳውን አልጠየቀውም፤ ሰውዬውንም አልሰማውም። መብራቱን ፊቴ ላይ አበራና "ምስክሩ አንቺ ነሽ፤ ምን አየሽ?" አለኝ።

መብራቴ ዓሣዋ ላይ ነበር። ፊሽካው ሲነፋ ሆዷ ሥር የነበረው ጠጠር እንጂ ውኃ አልነበረም። አይቻለሁ። "ወጥታ ነበር" አልኩ። ለካሁ። 58። ፈረምኩ።

በ4 ነጥብ በለጠኝ። ሦስተኛ እሱ፣ አራተኛ እኔ። ሽማግሌው አንደኛ መሆናቸውን መቼም አልነግርሽም፤ ገብቶሻል።

ጎልማሳው አመሰገነኝ መሰለሽ? አላመሰገነኝም። ዕቃውን ጠቅልሎ "ደህና እደሪ" ብሎኝ ሄደ። መጀመሪያ ደም ሥሬ ተነሳ። ቆየት ብዬ ሳስበው ግን ምን ብሎ ያመስግነኝ? ዓሣዋ ወጥታ ነበር፤ ውለታ አልዋልኩለት። እሱም ምሽቱን ሙሉ የእኔን ዓሣ ሲለካ አንዲት ሚሊሜትር አልሰረቀኝም። ሰውዬው ግን አሁንም በክለቡ ውስጥ "አልወጣችም" እያለ ያወራል። እሱን ሳየው ያንገበግበኛል። ከሽልማቱ ይልቅ የሚከነክነኝ እሱ ነው፤ እሱ ከቆመበት ምን ሊያይ ይችላል?

እንግዲህ ፍረጂ። ሥራ ፈት ያልሽኝ ይህን ነው።

የሚቀጥለው ውድድር የካቲት ላይ ነው። አየሩ ሞቅ ማለት ሲጀምር ባሕሩ ገና ወደ ዋናው ቅዝቃዜው የሚገባው ያኔ ስለሆነ ዓሣው ይቀንሳል፤ ሰዉም ይቀንሳል። ላንቺ ለጀማሪ ግን ጥሩ ነው፤ ጠብ የለም። ከለንደን ዋተርሉ ጣቢያ እዚህ አጠገብ እስካለችው ዌይማውዝ በቀጥታ ባቡር አለ። እኔ ከጣቢያው እወስድሻለሁ። ዘንግ ሁለት አለኝ፤ ትሉን እኔ እሰካልሻለሁ፣ መለካቱን ግን አንቺ ነሽ የምትለኪልኝ። ወፍራም ካልሲ ሁለት ደርቢ፣ ጂንስ እንዳትለብሺ፤ ከረጠበ እስከ ንጋት አይደርቅም።

የጫማ ቁጥርሽን ዛሬውኑ ላኪልኝ። ክለቡ ውስጥ ትርፍ ቦት ያለው ሰው አለ፤ ቀድሜ ካልያዝኩት ለሌላ ያውሰዋል።

ናፍቆት ገደለኝ።

ወዳጅሽ